ሹራቦቹን ሻንጣ ውስጥ የቆለፍኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤቲ አንድ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ልትሄድ ተነሳች። አንድ ልጅ ነው ያልኳችሁ፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሞላው፣ በእግሩ የሚሄድ፣ አፉን የፈታ። ለእሱ ተብሎ ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ማዘያ፣ አንድ የሚገፋ ጋሪ፣ ሁለት ጡጦ ሳሎኑ መሀል ተከምሮ ቤቲ አጠገቡ ቆማ «አያቴ፣ ብቻዬን እንዴት ነው የምችለው?» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዲሱ የድሬ ባቡር ጣቢያ እንደ ድሮው ደጃፋችን ላይ አይደለም፤ ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። በባጃጅ አብሬያት ሄጄ ሸኘኋት። ጠዋት ተሳፍራ ከሰዓት በኋላ ደወለችና «ገብተናል፣ ግን ሞቼ ነው የደረስኩት» አለችኝ። ወንበሩ ልስልስ፣ ጉዞው በቀን፣ እሷ ግን ሞታለች! «አይዞሽ የኔ ልጅ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ብቻዬን ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሰማንያን ከተሻገርኩ ቆየሁ፤ ኩራት ኃጢአት ነው ሲሉም ሰምቻለሁ። ግን ሦስት ሕፃናት ይዤ፣ ያለ ረዳት፣ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር ተጉዤ አዲስ አበባ የገባሁ ሴት ነኝና ትንሽ ብኩራራ እግዜር የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ያኔ ቤታችን ከዚራ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ። ባለቤቴ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ጥገና ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰዓት የሚባል ዕቃ ቤታችን አልነበረም፤ የጥገናው ጡሩምባ ሲነፋ ከተማው ይነሳል፣ ሲነፋ ምሳ ይቀርባል፣ ሲነፋ ሁሉም በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል። የድሬን የቀትር ፀሐይ ማን ይችለዋል? አመሻሽ ላይ ደጃፉ ሁሉ ውሃ ይረጭና አፈሩ ይሸታል፤ ወንዶቹ ነጭ ሸሚዝና ሸራ ጫማ አድርገው ከዛፎቹ ሥር ይንሸራሸራሉ፣ እኛም ወገቡ የጠበበ የፖፕሊን ቀሚሳችንን ለብሰን እንወጣለን። ከየሻይ ቤቱ የሱዳን ዘፈን ይሰማል፣ ከወዲያ ደግሞ የሶማሌ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ይቀላቀላሉ። በስሙኒ ከቀፊራ ገበያ ዘንቢል ሙሉ ብርቱካን ይዤ እመለስ ነበር፤ ዛሬ ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ስሙኒ ምንድን ነው ይሉኛል። ሌሊት ደግሞ ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? አልጋውን ግቢ አውጥተን፣ ልጆቹን በነጠላ ሸፈን አድርገን፣ ኮከብ እያየን ነበር የምንተኛው። የልጆቼ እግር ካልሲ የሚባል አያውቅም። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግኩ። ደጋ የሚባለውን አገር በወሬ ነው የማውቀው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የመጣብኝ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው።

ተሰማ ግን የአዲስ አበባ ሰው ነው። እናቱ፣ እማማ በላይነሽ፣ አንድ ልጃቸውን በረሃ ያስቀረሁባቸው እኔ እንደሆንኩ ያምናሉ። ሠርጋችን ላይም አልመጡም። ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ሰላምታው ረጅም ነበር፣ ነገሩ አጭር፦ «የበኩር ልጅ ለአያት ነው። ትዕግሥት ሰባት ዓመት ሞልቷታል። በዚያ ወባና ሐሩር ውስጥ አረብኛና ሶማሊኛ ስትለቅም ሰው ሆና አታድግም። አምጡልኝ፣ እኔ ጋ ሆና ትማር።» ተሰማ አንብቦልኝ ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈና «እሺ ብዬ መልሼላታለሁ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። አልፈረድኩበትም። ያኔ የአያት ቃል ሕግ ነው፤ ስንቱ ቤት ነው የበኩር ልጁን ለአያት ሰጥቶ አንጀቱን አስሮ የኖረው። ግን ትዕግሥት እኮ ናት! በሰባት ዓመቷ ከወተት ሻጯ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማሊኛ፣ ከባለ ሱቁ ጋር በአረብኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ የምትከራከር ልጅ። ሰው አትሆንም ይሉኛል! ያን ሌሊት ግቢ ውስጥ ተጋድሜ ሳላንቀላፋ አደርኩ። እምቢ የማለት አቅም አልነበረኝም፤ ማሳየት ግን እችላለሁ አልኩ። ሦስቱንም ይዤ ሄጄ ልጆቹ እንዴት እንደተያዙ እማማ በዓይናቸው ካዩ ምናልባት እጃቸውን ይሰበስቡ ይሆናል።

ከግሪኩ ሱቅ የሱፍ ክር ገዛሁ፤ ለትዕግሥት ቀይ፣ ለአራት ዓመቱ ዮሐንስ ሰማያዊ፣ ገና ዓመት ከመንፈቁ ለሆነው ለሙሉቀን የዕንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። በድሬ ፀሐይ የሱፍ ሹራብ መሥራት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ክሩ በላብ እጄ ላይ ይጣበቃል፣ ጭኔ ላይ ያረፈው እንደ ምድጃ ያቃጥለኛል። ጎረቤቶቼ ደጃፌ ላይ ቆመው ይስቁብኛል። «አስናቀች፣ ለማን ነው እሱ? ለግመል ነው?» ይሉኛል። «ሳቁ፣ ጥርሳችሁ ይፍሰስ» እላለሁ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሦስቱ ሹራቦች አልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ እኔው ራሴ ፈዝዤ አየኋቸው፤ የውጭ አገር ዕቃ ነው ቢባል ማን ይጠረጥራል? እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ባቡር ጥቀርሻ አለው፣ ሕፃን ደግሞ ያስታውካል፣ ይሸናል፣ ብርቱካን ያንጠባጥባል። ሹራቦቹ ሳይነኩ ይድረሱልኝ ብዬ አብሬ ከገዛኋቸው ካልሲዎች ጋር ብረት ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩና ለዕቃ ፉርጎው አስረከብኩ። ለገሃር ስንወርድ ሻንጣውን ተቀብዬ፣ እማማ በላይነሽ ሳያዩን አለባብሳቸዋለሁ ነው ሐሳቤ። ለመንገዱ እጅጌ የሌለው ስስ ፖፕሊን አለበስኳቸው፤ ድሬ ላይ ለሌሊት የሚለበሰው እሱ ነዋ! ተሰማ ፈቃድ ስላላገኘ አብሮን አይሄድም፤ ሊሸኘን ሲመጣ «ሹራቡን በእጅሽ ያዢው፣ ላይ አገር ይበርዳል» አለኝ። «ወንድ ስለ ልጅ ልብስ ምን ያውቃል?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ይቺ ምላሴ!

የተሳፈርነው ባለ አልጋው ፉርጎ ላይ ነው፣ በሁለተኛ ማዕረግ። ክፍሉ አራት አልጋ አለው፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። አራተኛውን የያዘችው ሐሊማ የምትባል የመጋላ ሰፈር ነጋዴ ነበረች። አርባውን ያለፈች፣ ስትገባ በሩን ሞላችው። ወፍራም መስላኝ ነበር፣ ለካ ልብስ ነው። ያኔ ከወደብ የሚመጣ ልብስ ቀረጥ አለበት፤ ፍተሻው አዋሽ ላይ ነው፤ የተለበሰ ልብስ ግን አይነካም። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ሴቶች አምስት ስድስት ደራርበው ይለብሳሉ፤ የልጅ ልብስ የያዙ እንደሆነ ደግሞ ለተሳፋሪ ልጆች አልብሰው አዋሽን ሲሻገሩ መልሰው ይወስዳሉ። ይህ የመንገዱ ወግ ነበር፣ ማንም እንደ ነውር አያየውም። ሐሊማም ባቡሩ ገና ሳይነቃነቅ ሦስት አዳዲስ የልጅ ሹራብ ከጥቅሏ አወጣችና «አቦ እህቴ፣ እስከ አዋሽ ልጆችሽ ይልበሱልኝ። ወላሂ ከረሜላ እሰጣቸዋለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ልቤ አብጧል። የቆለፍኩትን ሻንጣ እያሰብኩ «ልጆቼ የኮንትሮባንድ መስቀያ አይደሉም» አልኳት። ሐሊማ አንድ ጊዜ አየችኝ፣ ሹራቦቿን አጣጠፈች፣ «እሺ፣ ይቅር» አለች።

ፊሽካው ተነፋ፤ ተሰማ በመስኮቱ ሥር እየተራመደ «አደራ፣ አደራ» ሲል ቀረ። ልጆቹ ደስታቸውን አልቻሉትም። ዮሐንስ ላይኛው አልጋ ላይ ወጥቶ «ከእንግዲህ አልወርድም» አለ። እንዳይወድቅ ወገቡን በመቀነቴ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩት፤ ትዕግሥት አንዷን አልጋ ያዘች፣ ሙሉቀን ጡቴን ይዞ ከጎኔ ተኛ። ኤረር ላይ በመስኮት ብርቱካን ገዛን፤ ልጣጩን ለትዕግሥት እየሰጠኋት በወረቀት ትሰበስበዋለች፣ ወለሉ ላይ አንዲት አልጣለችም። ከዚያ ደግሞ «ሽንቴ መጣ» ተጀመረ። አንዱን አዝዬ፣ አንዱን በእጄ ይዤ፣ በዚያ በሚወዛወዝ ጠባብ መተላለፊያ ስንቴ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ቤቲ ሆዬ ይህን ብታይ ኖሮ! አዋሽ ስንደርስ ፈታሾች ገቡ። ሐሊማ የለበሰችውን አልነኩባትም፣ ጥቅሏን ግን ፈቱት። ሦስቱን የልጅ ሹራብ አወጡና «ይህ የማን ነው?» አሉ። ሐሊማ ልጆቼን አየች፣ ከዚያ እኔን። «የልጆቼ ነው» ብዬ አንዲት ቃል ብተነፍስ ያልፍላት ነበር። ዝም አልኩ። ሹራቦቹን ይዘው ወረዱ። ሐሊማ አንዲት ክፉ ቃል ሳትናገረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ሕግ ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

መተሃራን አልፈን ባቡሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር አልጋዬ የረጠበ መሰለኝ። ልጁ ሸናብኝ ብዬ በእጄ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። ሌላውን ጎን ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው። እርጥብ የመሰለኝ ለካ ብርድ ኖሯል! እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ግን ምን ይጠቅማል፣ ብርዱ ከብረቱ ውስጥ ይወጣል። ትዕግሥት ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ዮሐንስ «እማዬ፣ እግሬን ያመኛል» እያለ ያለቅሳል። የሚያውቅ ሰው ብርድ ልብስ ከቤቱ ይዞ ይገባል፤ እኔ የያዝኩት አንድ ነጠላ ነው። ሦስቱንም አንድ አልጋ ላይ ሰበሰብኩ፣ ነጠላውን ጣልኩባቸው፣ የላይ ቀሚሴን አውልቄ ደረብኩላቸውና በውስጥ ልብሴ ቀረሁ። ሙሉቀን ሲያለቅስ ሲያለቅስ ቆይቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ነው ነፍሴን ያወጣት። ከንፈሩን ነካሁት፣ ውሃ የገባ ድንጋይ ነው የመሰለኝ። ሹራቦቼ ከእኔ አምስት ፉርጎ ወዲያ በሻንጣ ተቆልፈው ይሞቃቸዋል! ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ተነሳሁና የሐሊማን ትከሻ ነካሁ።

«ኤዶ ሐሊማ» አልኳት፤ የመጋላ ልጆች አክስቴ ሲሉ እንዲህ ነው የሚሉት። ሙሉቀንን አቀረብኩላት። ተነስታ ልጁን ስትዳብሰው ደነገጠች። «ያ አላህ! ሹራብ የላቸውም?»

«አላቸው።»

«የታለ?»

«ሻንጣ ውስጥ። ዕቃ ፉርጎ ገብቷል። ንፁህ ሆኖ እንዲደርስ ብዬ ነው።»

«አቦ አንቺ!» አለች፣ «ሹራብ ሠርተሽ ለሻንጣው አለበስሽው?» ይህን እያለች ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። አንዱን ስታወልቅ ሌላ አለ፣ እሱን ስታወልቅ ሌላ። የትልቅ ሰው ሹራቦች ናቸው፣ ከገላዋ ላይ ትኩስ ትኩሱን እየገፈፈች ለልጆቼ አለበሰቻቸው፤ እግራቸው ድረስ ዋጣቸው። ሙሉቀንን በሹራብ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስተኛችው። «ሸንቶ ያበላሽብሻል እኮ» አልኳት። «ቢሸና ይታጠባል።» እንባዬ መጣ። «በአዋሹ ነገር... ዝም ያልኩት...» ስል «ልጅ በብርድ እየሞተ ስለ ጨርቅ ታወሪኛለሽ? ይልቅ አንቺም ይህን ልበሺ» ብላ አንዱን ወረወረችልኝ። ትዕግሥት ከአልጋው ላይ ሆና በሶማሊኛ «መሀድሰኒድ ኤዶ» ብላ አመሰገነቻት። ሐሊማ ሳቀች። «ይህቺ ልጅ የኔ ናት» አለች። ወደ ድሬ ስመለስ ያን ሁለት ወር የለፋሁበትን ሦስት ሹራብ ይዤ መጋላ ሄጄ «ባስወሰድኩብሽ ፋንታ» ብዬ ሰጥቻታለሁ፤ እስክትሞት ድረስም እህቴ ነበረች። ያን ሌሊት ግን የማስበው ሌላ ነው። ሙሉቀን እንደገና ማልቀስ ጀምሮ ልቤ መለስ ብሎልኛል፤ ትዕግሥት ደግሞ የበረደ እግሯን በእግሮቼ መሀል አስገብታ እየሞቀች ነው። እዚህ ብርድ አገር ብትቀር ይህን እግር ማን ያሞቅላታል አልኩ። አልሰጥም። ባሏ እሺ ያለውን እምቢ የምትል ሴት ምን እንደምትባል አውቃለሁ፤ ያሉትን ይበሉ፣ አልሰጥም።

ለገሃር ስንገባ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። እማማ በላይነሽ ሻንጣውን እስክቀበል ውጭ የሚጠብቁን መስሎኝ ነበር፤ ፉርጎው በር ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ወረድን። የኔ ቀሚስ ተጨማዷል፣ ልጆቹ የትልቅ ሰው ሹራብ ለብሰው እጅጌው መሬት ይጠርጋል። «ትዕግሥት ማናት?» አሉ። ልጄ ቀረብ ብላ «እኔ ነኝ። አንቺ አያቴ ነሽ?» አለቻቸው። ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ እማማ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። ይኼኔ ሐሊማ ጥቅሏን ተሸክማ ከኋላችን ወረደች። ሳትነካን ልታልፍ ነበር፤ ሁኔታውን አይታለች። ትዕግሥት ግን ሹራቡን አወለቀች፣ እንዳስተማርኳት እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችውና «ኤዶ፣ ልብስሽ። አላቆሸሽኩትም» ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ዮሐንስም እሷን አይቶ አወለቀ። ሐሊማ ተቀበለች፣ የሙሉቀንን ግን «እሱ የሸናበትን ማን ይገዛኛል? ይልበሰው» ብላ ሳመቻቸውና ሄደች። ልጄ በዚያ ውርጭ እጅጌ በሌለው ፖፕሊን ቆማ ትንቀጠቀጣለች።

«የሰው ልብስ አልብሰሽ ነው ያመጣሻት?» አሉ እማማ። «ራቁቷን? በረሃ እንዲህ ነው ልጅ የሚያሳድጉት? በቃ፣ ይህቺን እኔ ወስጃታለሁ። አባቷም እሺ ብሏል።» የትዕግሥትን እጅ ያዙ።

«ልብስ አላት» አልኩ። «ሁለት ወር ሙሉ በላቤ የሠራሁት። ብርድ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዳይቆሽሽ ብዬ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩት። ጥፋቱም የኔ ነው፣ ልጆቹም የኔ ናቸው። አልሰጥም፣ እማማ። ልጅዎ እሺ ቢልም እኔ አልሰጥም።» እማማ በላይነሽ እኔን አዩ፣ ሐሊማ የሄደችበትን አዩ፣ ልጄን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከፈት አደረጉና «ነይ ግቢ፣ ብርድ ሊገድልሽ ነው» ብለው ትዕግሥትን ወደ ጉያቸው ሳቧት። አዎ አላሉኝም፣ እምቢም አላሉኝም።

ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። ለትዕግሥት አዲስ ፍራሽ የተነጠፈበት አልጋ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። ሻንጣው ሲከፈት እማማ ሹራቦቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱ። «ማን አስተማረሽ?» «ራሴ ነኝ።» «እህ» አሉ፣ ሌላ የለም። ትዕግሥት ማታ ማታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የድሬን ወሬ በአራት ቋንቋ እያቀላቀለች ስትነግራቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ እሰማለሁ፤ እኔ ደግሞ በሳቁ ቁጥር ልቤ ይፈራል። በጠዋት ቀስቅሰው «ልጅቷን ትተሽ ሂጂ» የሚሉኝ ቀን መቼ ይሆን እያልኩ ተኛሁ፣ ተነሳሁ።

የምንመለስበት ቀን ለገሃር ድረስ መጡ። ሕዝቡ ብዙ ስለነበረ ቦታ ልያዝ ብዬ ቀድሜ ገባሁና በመስኮት እጄን ዘረጋሁ፤ ያኔ ሕፃን በመስኮት ነው የሚቀበሉት። ሙሉቀንን አነሱና ሰጡኝ። ዮሐንስን ሰጡኝ። ትዕግሥትን ብድግ አድርገው አቀፏትና ቆሙ። ፊሽካው ተነፋ። እጄ እንደተዘረጋ ነው። «እማማ» አልኩ፤ አልሰሙኝም፣ አፍንጫቸውን ልጄ ፀጉር ውስጥ ቀብረዋል። ፉርጎው ነቅነቅ አለ። ሁለት እርምጃ ከባቡሩ ጋር ሄዱና ልጄን ወደ ላይ፣ ወደ እጄ ከፍ አደረጓት። ጎትቼ አስገባኋት፣ ጭኔ ላይ ወደቀች።

«ሦስቱም አሉ?» አሉኝ ከታች፣ እየተራመዱ።

«ሦስቱም አሉ፣ እማማ!»

«በይ እናታቸው፣ በሰላም ግቢ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቺ ከማለት በቀር ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም ነበር።